ከቦጋለች እጅ

እንቅልፍ እንደሆነ እንቢ ብሏል። ሐረግ ከጠባቧ አልጋ ላይ ተጋድማ ዓይኗን ብትጨፍነውም ብትገልጠውም የምታየው ያንኑ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ከመካነ ሰላም ገበያ ዝቅ ብላ ያለች አንዲት ጎጆ፣ በጎጆዋ ውስጥ ቁርበት ላይ የተኛች አንዲት አሮጊት። እዚህ ሮማ ግን ነሐሴ ዝናብ የሚባል ነገር አያውቅም። ፀሐዩ መስኮቱን ሊሰነጥቀው ደርሷል፤ ከተማው ምሳውን በልቶ፣ መዝጊያውን ከርችሞ፣ በጠራራው ተኝቷል፤ ጉድ እኮ ነው፣ እኛ ዘንድ በቀትር የሚተኛ ወይ በሽተኛ ነው ወይ ሙሽራ፣ ትላለች ለራሷ፤ እሷንም ተኚ ይሏታል፣ ሰዓቱ የመኝታ ነው፣ ቧንቧ እንኳ አትክፈቺ፣ ጎረቤት ይቆጣል፤ እሺ ትላለች፣ ትጋደማለች፣ ጆሮዋ ግን ኮሪደሩ ላይ ካለው ጥቁር ስልክ ጋር ታስሮ ቀርቷል። ከጎን ካለው ክፍል የአሠሪዋ የሲኞራዋ ማንኮራፋት ይሰማል። ሲኞራዋ ያረጀች ናት፣ እጅ እግሯ አይታዘዝላትም፣ ሐረግንም ከእሷ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም ማሪያ እያለች ነው የምትጠራት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማሪያ። ልጆቿ ባሕር ወርደዋል፤ ነሐሴ ሲገባ የዚህ አገር ሰው አሮጊቱንና ድመቱን ለሠራተኛ ጥሎ ባሕር ይወርዳል። የስልክ ኦፕሬተሯ ደግሞ፣ የደሴ መስመር ሲገኝ አገናኝሻለሁ፣ ከስልኩ አትራቂ ብላታለች። ሲገኝ! ከሮማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ፤ መሐል ላይ ስንቱ ጆሮውን እንደሚደቅን እግዜር ይወቀው፣ ጊዜው እንደሆነ የአብዮት ጊዜ ነው፣ ሰው ስሙን እንኳ ተጠንቅቆ ነው የሚጠራው።

የምትጠብቀው ወሬ አንድ ነው። ለዚያች አሮጊት፣ ለቦጋለች፣ ጥሩምባ ይነፋላት ይሆን ወይስ አይነፋላትም? ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ቁም ነገር አለው? ለወሎ ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ! ሰው ሲሞት ቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ጥሩምባ ያስነፋል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሞፈሩን ጥሎ ይወጣል፤ የሚቆፍረው ይቆፍራል፣ የሚሸከመው ቃሬዛውን ይሸከማል፣ ሴቱ ንፍሮ ይቀቅላል። ቀባሪ የሌለው ሰው በቁሙ የሞተ ነው። ቦጋለች ቅሬ የላትም። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ሸክላ ሠሪ ደግሞ ባገሬው አፍ ቡዳ ናት፤ የቡዳን ቃሬዛ ማን በትከሻው ይነካል? የዛሬ ሳምንት የሐረግ ወንድም ቸኮል፣ የመካነ ሰላም የኅብረት ሱቅ ሻጭ ነው፣ ለጨውና ለሳሙና ደሴ በመጣበት በስልክ ተገናኝተው፣ «ቦጋለች ወድቃለች፤ አትነሣም መሰለኝ» አላት። «ቅሬውስ?» አለችው። «አይ እታለም፣ ታውቂው የለ» አላት። ያኔ ሐረግ አፏን ከፈተችና የማይነገረውን ነገረችው። በማርያም ምላ የያዘችውን፣ ያውም በፍልሰታ ጾም! ሂድና ኑርሁሴን ፊት ቆመህ ንገር፣ የቅሬው ዳኛ እሳቸው ናቸው፣ አለችው። ከዚያች ሰዓት ወዲህ እንቅልፍ የለም። ቢቆጡስ? ቡዳ አበላችን ብለው ጎጆዋን ቢለኩሱባትስ? የሞተባቸውን ሁሉ፣ የታመመባቸውን ሁሉ በሷ ቢያላክኩስ? ወይ አንቺ ሐረግ፣ ላድን ብለሽ ገደልሻት ይሆናል፣ ትላለች፤ ትገላበጣለች፣ ትራሱን ታዞራለች፣ ያኛውም ፊቱ ያው ትኩስ ነው።

ቦጋለች ከወግዲ በኩል የመጣች ባልቴት ናት፤ አጭር፣ ጠይም፣ ጣቶቿ በጭቃ የተሰነጣጠቁ። በገበያ ቀን ድስቷን፣ እንስራዋን፣ ጋኗን ደርድራ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። የሸክላ ዋጋ ሙሌቱ ነው፤ ድስት የፈለገ ድስቱን ገብስ ሞልቶ ይገለብጥላታል፤ ገብሱ የሷ፣ ድስቱ የሱ። ከእጇ ግን ማንም አይቀበልም። ዕቃውን መሬት ታስቀምጣለች፣ ወደኋላ ትላለች፣ ያኔ ገዢው ብድግ አድርጎ ይሄዳል፣ ቤቱም ገብቶ በእሳት ያጥነዋል። ሴቶች ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ፣ ቱ! ቱ! ይላሉ። የሐረግ እናትም እንዲሁ ሸፍናታለች፤ የነጠላው ሽታ እንኳ ትዝ ይላታል፣ በነጠላው ሥር ሆና በቀጭኑ ሸማ ውስጥ ያቺን ሴትዮ ታያታለች፣ ሴትዮዋም መታየቷን አውቃ ፊቷን ታዞርላታለች፤ ለልጅቷ አስባ ነው የምታዞረው፣ ይህን ያወቀችው ግን ኋላ ነው። እስቲ በሞቴ፣ ቀን በቀን ከሠራችው ድስት እየበሉ ከእጇ መብላትን መፍራት ምን ይሉታል? ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ከማርያም ቅጥር ውጭ፣ ሳማ ከበቀለበት ጎን ትቆማለች፤ ቅዳሴውን ከግንቡ ወዲያ ሰምታ፣ ግንቡን ስማ ትመለሳለች። የትናንት ልጅ ሳይቀር «አንቺ ሴትዮ» ነው የሚላት።

ከዚያ ስድሳ አምስት መጣ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም መጥቶ እንዳልመጣ ሆነ። የከብቱ ቆዳ ከአጥንቱ ተጣበቀ፣ ቀጥሎ የሰዉ። ከወግዲ፣ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ፣ ከየጥጉ ሰው ደሴ እህል አለ ሲሉት ጊዜ በመካነ ሰላም በኩል ይጎርፍ ጀመር፤ ደሴ ሳይደርስ ገበያው ዳር የሚቀረው ይበዛል። ባለሥልጣን የተባለው ሁሉ ረሀብ የለም ይላል፤ የለም የተባለው ረሀብ ደግሞ የሐረግን እናት ወሰደ። ቸኮልን አጎቱ አጅባር ወሰደው፤ ሐረግ ለብቻዋ ቀረች፣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አንድ ጠዋት ቅጠል ልትለቅም ወርዳ ከሸክላ አፈሩ ጉድጓድ አጠገብ ተደፋች። ስትነቃ በአፏ ውስጥ ትኩስ ነገር አለ። የገብስ አጥሚት። ቀና ብትል ቦጋለች! ቡዳዋ! ልትተፋው ፈለገች፣ ጉሮሮዋ ግን ከእሷ ጋር አልመከረም፣ ዋጠው። እንግዲህ ዛሬ እሞታለሁ አለች፣ ዓይኗን ጨፍና ሞቷን ጠበቀች፤ ፀሐይ ጠለቀች፣ ሞት የለም፤ ይልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። እሱን እንቅልፍ አሁን ማን በሰጣት! ስትነቃ ቦጋለች ከእግሯ ሥር ተቀምጣ፣ «አልበላሁሽም አይደል?» ብላ ትስቃለች።

የሚገርመው ጎታዋ ነው። ብቻዋን ናት፣ የምትበላው የወፍ ያህል ነው፤ ስንት ዓመት የተገለበጠላት የድስት ሙሌት፣ የጋን ሙሌት፣ ሁሉም እዚያው ተቀምጧል። ይህን እህል ይዛ ክረምቱን ማለፍ ትችል ነበር፤ ማንም አያውቅባት፣ ማንም ደጇን አይረግጥ። እሷ ግን ትልቁን ጋን ጥዳ፣ አጥሚት አፍልታ፣ ገበያው ዳር ለወደቁት ይዛ ወጣች። ከሩቅ አገር የመጣው አላወቃትም፣ ጠጣ። ያገሬው ሰው ግን አወቃት። ንግሥቴ የምትባል አለች፣ ጨው ነጋዴ ነበረች፣ ያን ጊዜ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን ታቅፋ ከወይራው ሥር ተጋድማለች፤ ልጆቹ ለማልቀስ እንኳ አቅም የላቸውም። ቦጋለች ጎንበስ ስትል ንግሥቴ ባለ በሌለ ጉልበቷ ነጠላዋን ልጆቿ ፊት ላይ ጣለችና፣ «ወግጂ! ሞት ይብላቸው እንጂ አንቺ አትበያቸውም!» አለች። ሐረግ ከኋላ ቆማ አይታለች። ቦጋለች አልተቆጣችም። ዕቃውን መሬት አስቀመጠች፣ እንደ ገበያ ቀን ወደኋላ አለች፣ ጠበቀች። ንግሥቴ አልነካችውም። አጥሚቱ እዚያው በረደ።

የዚያን ዕለት ማታ ቦጋለች፣ «አንቺ ልጅ» አለች፣ «ያንቺ እጅ ንጹሕ ነው።» «እንዴት ማለትሽ ነው እትዬ?» «እኔ ላብስል፣ አንቺ አቅርቢ። ከወይራው አጠገብ ያ የፈረሰ ቤት አለ፣ ካቡ ረጅም ነው፣ ከካቡ ኋላ እኔ እጥዳለሁ፣ ከፊት አንቺ ትቀጃለሽ።» «ከየት አመጣሽው ቢሉኝስ?» «የማርያም ነው በያቸው። ውሸት አይደል፤ የማን ሊሆን ኖሯል?» አለችና ደግሞ ኮስተር ብላ፣ «ማይልኝ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ቢያውቁ ያስታውኩታል፤ የተተፋ እህል ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።» ሐረግም በማርያም ማለች። በነጋታው ሐረግ አጥሚቱን ይዛ ንግሥቴ ፊት ቆመች፤ «ከየት ነው?» «የማርያም ነው።» ንግሥቴ ነጠላውን ከልጆቿ ፊት ገለጠች። ጠጡ። ንግሥቴ የሐረግን እጅ ይዛ ስማ ስማ፣ «እጅሽ ይባረክ! የሄድሽበት ይቅናሽ! እንጀራሽ ይውጣልሽ!» ብላ መረቀቻት፣ ሌላውም ተቀበለ፣ አሜን በይ ይሏታል፣ አሜን ትላለች፣ የምርቃቱ ባለቤት ከካቡ ኋላ ጭስ እየበላት እሳት ትቆሰቁሳለች። አጃኢብ ነው! እህሉን የሰጠ ስንት አለ፤ ምርቃቱን የሰጠ ማን አለ?

ቴሌፎኑ አሁንም ዝም ነው። አንዱ ደወለ መሰላት፣ ብድግ አለች፣ የጎረቤት ነው። ተመልሳ ተቀመጠች። ሲኞራዋ በእንቅልፏ ታጉረመርማለች። ትናንት ማታ ሾርባውን ሐረግ ላይ ተፋችባት፣ ሐረግም ተቆጣቻት፤ ድሮም ስታበላት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው፤ ማንኪያው ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ፊት ለፊት መተያየት የለም። ምን ታድርግ? ማሪያ፣ ማሪያ፣ ማሪያ። ስሜን እንኳ ባልያዘች ሴት ፊት ምን ፊት አለኝ፣ ትላለች።

አንድ ቀን ያኔ በረሀቡ ጊዜ፣ አሁን ያየችው ያህል ነው፣ አሁንም እያየችው ነው፣ አጥሚት ሲያልቅባት ልታስሞላ ወደ ካቡ ኋላ ዞረች። ሰዉ ከወዲህ ተደርድሮ ይጠጣል፣ ፉት የሚለው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ሌላ ድምፅ ማን አለው። ቦጋለች እሳቱን ትታ ግንባሯን ካቡ ላይ አሳርፋለች። የታመመች መሰላት፣ ልትጠራት አለች፣ አፏ ላይ ቀረ። ቦጋለች እየሰማች ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ከካቡ ማዶ ሰው ሲጠጣ ትሰማለች። ፊቷ ላይ የነበረውን ሐረግ እስከ ዛሬ ስም አላገኘችለትም። ደስታ ነው እንዳትል እንባ አለው፣ ሐዘን ነው እንዳትል ያበራል። የማርያምን ቅዳሴ ከግንቡ ወዲያ ሆና ስትሰማ የምትቆመው አቋቋም ነው፣ ያው ራሱ፣ ግንባር ከድንጋይ ጋር። ሐረግ ባዶውን ቅል ይዛ ቆመች፣ ጫማ ቢኖራት ታወልቅ ነበር። ቦጋለች ዓይኗን ገልጣ አየቻትና በሹክሹክታ፣ «ትሰሚያለሽ? ወረደላቸው እኮ!» አለቻት። «ወረደላቸው!» ከዚያ ተነሥታ ቅሉን ሞላችላት። «አንቺስ፣ እትዬ፣ በልተሻል?» ብትላት፣ «እኔ አብሳይ ነኝ፣ ሽታው ያጠግበኛል» ትላለች፤ መቀነቱ ግን ወገቧን ሁለት ዙር ዞሮ ይተርፋል።

ጎታው አለቀ፣ እርዳታውም በስንት መከራ መጣ፣ ዓመቱ ዞረ፣ ንጉሡ ወረዱ፣ አብዮት ፈነዳ። የዘመቻ ተማሪዎች መካነ ሰላም ገቡ፤ ሕዝቡን ሰብስበው፣ በክፉ ቀን ያበላችሁ ማን ነው ሲሉ፣ ሰዉ ሁሉ ሐረግን ገፍቶ ገፍቶ አወጣት። መድረክ ላይ ቆማለች፣ ጭብጨባ ነው፣ እልልታ ነው፤ ከሁሉ ኋላ፣ ከሰዉ ራቅ ብላ፣ አንዲት አጭር ሴትዮ ከሁሉ አስበልጣ እልል ትላለች። ቦጋለች! ሐረግ አፏ ላይ መጣባት፣ ልትናገር ነበር፤ ቦጋለች ከዚያ ማዶ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በዚያው ስብሰባ አንዱ ተማሪ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቡዳ የሚባል ነገር የለም!» ብሎ አወጀ። ሰዉ አጨበጨበ፣ አጨብጭቦም ሲበተን በቦጋለች አጠገብ ያለፉት ሴቶች ልጆቻቸውን ሸፈኑ። ወይ አዋጅ! እንግዲህ ያቺ ጭብጨባ ናት ሐረግን ደሴ ያደረሰቻት፣ ከደሴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤቱም የጣሊያን ቤተሰብ ቤት፣ ጣሊያኖቹ ሲወጡ ሮማ፤ የሄደችበት ሁሉ ቀናት፣ እንጀራዋ ወጣላት። በማን ምርቃት? ወገኗ በቀይ ሽብርና በጦርነት ሲታመስ እሷ በዚህ በሰላም የምትጋደመው በማን ምርቃት ነው? የዛሬ ሳምንት ለቸኮል ስትነግረው፣ አዎ፣ ቅሬው እንዲቀብራት ነው፤ ደግሞም ምርቃቱን ለባለቤቱ ልትመልስ ነው። ግን ነገሩ እንደ እባብ ተመልሶ ቦጋለችን ቢነድፋትስ፣ ማርያም ሆይ፣ ብትቆጪስ፣ እሷን ከምትነኪ እኔን፣

ጠራ።

ባዶ እግሯን ሮጣ ደረሰች። «ሃሎ!» ትላለች፣ ጣሊያንኛ ይመጣል፣ አማርኛ ይመጣል፣ ጩኸት፣ ጸጥታ፣ ከዚያ ከውቅያኖስ ሥር የመጣ የሚመስል የቸኮል ድምፅ። «እታለም! ይሰማል? እንደምን ከረምሽ፣ ጤናሽን...» «ተነፋላት ወይ?» «ቆይ እንጂ፣ በወጉ ልንገርሽ።» «የምን ወግ! ቸኮል፣ እንዳታቃጥለኝ!» ስሙ ቸኮል ነው እንጂ ነገሩ ከልጅነቱ ዝግምተኛ ነው፤ ከጫፉ ካልጀመረ አይሆንለትም።

«ነገርኳቸው» አለ። «ከኑርሁሴን በረንዳ ተሰብስበን፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ከነካቡ፣ ከነጋኑ፣ እንደነገርሽኝ አንድ አላስቀረሁም።   ከዚያ አንዱ ብድግ ብሎ፣ ‹ቡዳ አበላችን ነው የምትለን!› ብሎ ዱላውን አነሣ።» ሐረግ ግድግዳውን ያዘች። «እሺ?» «ኑርሁሴን ሳቁ። ሽማግሌው! ‹አንተ፣ በአላህ ይሁንብህ እውነቱን ተናገር፣ በላችህ ወይስ አበላችህ?› አሉት።» «እሱስ?» «ተቀመጠ።  ግን ማንም በቅሬው ትቀበር አላለም፣ ነገ እንምከርበት ብለው ተበተኑ፤ ስብሰባ ታውቂ የለ።»

«ንግሥቴ ግን ነገን አልጠበቀችም» አለ ቸኮል። ድምፁ ተለውጧል። «እኔ ለቦጋለች የገብስ ቂጣ ይዤ ስወርድ ከደጃፉ ዝናብ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ወደ ውስጥ፣ ‹እትዬ ቦጋለች፣ ያጉርሱኝ› ትላለች።» «አንቱ አለቻት?» «አንቱ! ቦጋለች ከውስጥ፣ ‹ንግሥቴ ነሽ? ጾም እኮ ነው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ልታስገድፊኝ ነው?› አለቻት። ‹እጠብቃለሁ› አለች። ጠበቀች፣ እታለም። ቅዳሴ እስኪወጣ እዚያ ዝናብ ላይ። ከዚያ ገባች። ቂጣውን በሱፍ ፈተፈትኩት፣ ቦጋለችን ደግፌ አስቀመጥኳት። ጠቀለለች፤ እጇ ግን አፍ አላገኘም። ሰው አጉርሳ አታውቅማ! አንድ ሰው፣ ዕድሜ ልኳን! ንግሥቴ እጇን ያዘችና ከነጣቷ ጎረሰችው። ከነጣቷ! ከዚያ፣ ‹አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ይድገሙኝ› አለቻት።»

ሐረግ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ መቼ እንደተቀመጠች አታውቅም። ቸኮል ይቀጥላል፦ በማግስቱ የንግሥቴ ልጆች መጡ፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ማን ይቁጠረው፤ ቂጣው አልቆ ሰዉ ከየቤቱ እህሉን ይዞ ይወርዳል፣ የራሱን ይዞ፣ ከእጇ ሊጎርስ! ዱላ ያነሣው ሰውዬም፤ ኑርሁሴን ሳይቀሩ፣ «ረመዳን ነገ ይገባብኛል፣ ዛሬውኑ ያጉርሱኝ» እያሉ። ንግሥቴ ክንዷን ደግፋ ትይዝላታለች። አጎረሰች፣ አጎረሰች፣ ደከማት፣ ጋደም አለች፣ እንዲያው እንደተጋደመች ሄደች።

«ተነፋላት?» አለች ሐረግ። አሁን ቀስ ብላ ነው ያለችው።

«ኑርሁሴን ጥሩምባውን ከነፊው እጅ ተቀብለው በራሳቸው ትንፋሽ ነፉት። ‹በክፉ ቀን ያበላችን እናታችን አርፋለችና ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ውጣ!› እያሉ። ከነዝናቡ ያልወጣ የለም። ቃሬዛውን ሰዉ ተሻማበት፣ እኔ እንኳ የደረሰኝ ከማርያም በር ወዲህ ነው። ከቅጥሩ ውስጥ ናት፣ እታለም። ከውጭ ትቆምበት የነበረው ሳማው፣ ግንቡ፣ ከግንቡ ወዲህ፣ እዚያ።»  ከዚያ፣ «መልእክት አለሽ» አለ። «ለቦጋለች ምስጢሩን እንደነገርሽኝ ስነግራት ተቆጣች። ‹አፏን ይዛ እስክሞት አትጠብቅም ኖሯል፣ ያች ሌባ!› አለች። ስቃ ነው ታዲያ። ምርቃቱን ልትመልስልሽ ብላ ነው እትዬ፣ አልኳት። ‹ምርቃት ድስት ነው እንዴ የሚመለስ? የሷ ነው በላት። ገና የምታበላው አላት› አለች።» «ሌላስ?» ትላለች ሐረግ፣ «ሌላስ ምን አለች?» መስመሩ ግን ተቋርጧል፤ የኦፕሬተሯ ጣሊያንኛ ብቻ ይንጣጣል።

ምን ያህል እንደተቀመጠች አታውቅም። አለቀሰች ደግሞም ሳቀች፣ «ያች ሌባ» የሚለው ትዝ ሲላት ጮክ ብላ ሳቀች፣ ጎረቤት ይቆጣ! ቢያሻው ከተማው በሙሉ ይነሣ! ከውስጥ የሲኞራዋ ደወል ተንቃጨለ። «ማሪያ!»

ሐረግ ፊቷን ታጥባ የሲኞራዋን ገንፎ በወተት አሞቀች፣ እንደ አጥሚት አቅጥና፤ እሷ ራሷ ገና አልገደፈችም። ይዛ ገባች። አሮጊቷ በትራስ ተደግፋ፣ አፏን አስቀድማ ከፍታ ትጠብቃለች፣ ዓይኗ ፈራ ብሏል፣ የትናንቱን ቁጣ ያስታወሰ ዓይን ነው። ማንም የሚያያት የለም። ሐረግ ይህን እስከ ዛሬ አላየችውም፣ መስኮቱን ነበር የምታየው። ወንበሩን ዞር አደረገችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «የማርያም ነው፣ ይብሉ እናቴ» አለቻት በአማርኛ። ማንኪያውን አቀረበች፣ አሮጊቷ ተቀበለች፣ ሐረግም ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሲወርድ ሰማችው።